የበትር መንገድ፦ ለጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የራስን ተፋላሚ መቅረጽ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ በመባል የሚታወቀው መዝናኛ በዋነኛነት በንግግር የሚካሄድ ነው። አንድ ሰው የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን፣ ጠላቶቹንና ያልታሰቡ ክስተቶችን ይተርካል፤ ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዚያ ዓለም ውስጥ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ሁሉ ዳይስ ይጣላል። ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ቀዳሚውና እጅግ የታወቀው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተደርሶ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመ ሲሆን፣ ዛሬም በብዙ ቋንቋዎች ይጫወቱታል። ወረቀት፣ እርሳስና ሰባት ዳይሶችን የያዘ አንድ ስብስብ ካለ የሚጎድል ነገር ስለሌለ፣ በዕረፍት ቀን በአንድ ቤት ለሚሰበሰቡ ጓደኛሞች እምብዛም ወጪ የማይጠይቅ መዝናኛ ነው።

የጨዋታው ሕግ በመጽሐፍ ታትሞ የሚሸጥ ቢሆንም፣ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ዘመን አንስቶ በራሳቸው እጅ ሕግ ሲጨምሩበት ኖረዋል። ይህ ዓይነቱ የቤት ጥንስስ አዲስ አስማት፣ አዲስ ጭራቅ ወይም አዲስ የገጸ ባሕርይ ዘርፍ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ተጫዋቾችን የሚስበው ግን ንዑስ ዘርፍ መቅረጽ ነው። ንዑስ ዘርፍ ማለት አንድ ተዋጊ ወይም አስማተኛ ከጊዜ በኋላ የሚመርጠው ልዩ የሙያ መንገድ ነው። ጀማሪ ቀራጮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ቦታ ይሰናከላሉ፤ ገጸ ባሕርዩን ጠንካራ ማድረግ ጥሩ ማድረግ ይመስላቸዋል። በእርግጥ የአንድ ንዑስ ዘርፍ ዋጋ የሚለካው ለባለቤቱ ቀድሞ ያልነበረ ምርጫ በመስጠቱና ይህንንም ሲያደርግ አብረውት የተቀመጡትን ተጫዋቾች ድርሻ ባለመንጠቁ ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩን በአንድ ምሳሌ፣ የግብፅን የበትር ፍልሚያ መነሻ ባደረገ ንዑስ ዘርፍ ያስረዳል።

መነሻው ዘርፍ በእንግሊዝኛ «መንክ» የሚባለው ነው። ቃሉን «መነኩሴ» ብሎ መተርጎም ቀላል ቢሆንም ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ ያሳስታል። እኛ መነኩሴ ሲባል ገዳምን፣ ጾምንና ጸሎትን እናስባለን፤ የጨዋታው መነኩሴ ግን የቻይናን የሻኦሊን ገዳም ትውፊት በሩቁ የሚያስታውስ፣ ጥሩር የማይለብስና በእጁ፣ በእግሩና በቀላል መሣሪያ የሚፋለም ሰው ነው። ይህ ዘርፍ ወደ ጨዋታው የገባው እ.ኤ.አ. በ1975 «ብላክሙር» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሲሆን፣ ጊዜው የብሩስ ሊ ፊልሞች በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገንነው የነበሩበት ነው። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ከአንድ የምሥራቅ እስያ ምስል ብዙም ሳይርቅ ቆይቷል። ዓለም ግን በፍልሚያ ጥበብ የበለጸገች ናትና፣ የቤት ጥንስስ አንዱ ጥቅም ይህን ክፍተት መሙላቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም መሠረት መነኩሴው ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ «ኪ» የሚባል የውስጥ ኃይል ነጥብ ያገኛል። የነጥቡ ብዛት ከደረጃው ጋር እኩል ነው፤ በሦስተኛው ደረጃ 3፣ በአሥራ አንደኛው 11 ነጥብ ይኖረዋል። ነጥቡ ሲያልቅ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዕረፍት አድርጎ ከዚያም ግማሽ ሰዓቱን በተመስጦ ካላሳለፈ አይመለስለትም። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው የተሻሻለ እትም «ኪ» የሚለው ስም ቀርቶ «ትኩረት» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ተተክቷል፤ አሠራሩ ግን በመሠረቱ ያው ነው። ኪን እንደ ደመወዝ መቁጠር ይቻላል። በሦስተኛው ቀን የጨረሰው ሰው እስከ ወር መጨረሻ ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። ንዑስ ዘርፍ የሚቀርጽ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የዚህን ገንዘብ የመግዛት አቅም ማወቅ አለበት።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ የቅልጥፍናና የጥበብ ጭማሪው ሁለቱም 3 የሆነ መነኩሴ እንውሰድ። ሲያጠቃ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ 5 ይጨምራል፤ የጠላቱ የመከላከያ ቁጥር 13 ቢሆን ዳይሱ ላይ 8 ወይም ከዚያ በላይ ሊወጣለት ይገባል። ይህም ከ20 ገጾች 13ቱ፣ ማለትም 65 በመቶ ዕድል ነው። በሁለት እጅ የተያዘ በትር ባለ 8 ገጽ ዳይስ ስለሚያስጥል አማካይ ጉዳቱ ከጭማሪው ጋር 7.5 ይሆናል፤ ባለ 4 ገጽ ዳይስ የሚያስጥለው የባዶ እጅ ምት ደግሞ 5.5 ነው። መነኩሴው በእያንዳንዱ ተራው አንድ የበትርና አንድ የእጅ ጥቃት ያለ ክፍያ ያደርጋል። አንድ ኪ ከከፈለ የእጁ ጥቃት ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ደረጃ አንድ ኪ የሚገዛው አንድ ተጨማሪ የእጅ ጥቃት ነው፤ 5.5 በ65 በመቶ ሲባዛ ወደ 3.6 የሚጠጋ ጉዳት። አልፎ አልፎ የሚገጥመውን ድርብ ምት ወደ ጎን ትተነዋል። ይህች ቁጥር የገበያ ዋጋ ናት። አዲስ የሚቀረጽ ማንኛውም ችሎታ አንድ ኪ የሚያስከፍል ከሆነ ከ3.6 እጅግ ያነሰ ጥቅም ሲሰጥ ማንም አይገዛውም፤ እጅግ የበለጠ ሲሰጥ ደግሞ ሌላ ነገር የሚገዛ አይኖርም።

ዋጋን አለማመዛዘን የሚያስከትለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የጨዋታው አሳታሚዎች ራሳቸው ምሳሌ ትተውልናል። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ መጽሐፍ ከመነኩሴው ሦስት መንገዶች አንዱ እሳትን፣ ውኃን፣ ነፋስንና መሬትን ማዘዝ የሚያስችለው የአራቱ ባሕርያት መንገድ ነበር። ሲነበብ ከሦስቱ ሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነው። በጠረጴዛ ላይ ግን ብዙዎችን አሳዝኗል። አንድ አስማተኛ በአምስተኛው ደረጃ የሚወረውረውን የእሳት ኳስ ይህ መነኩሴ የሚያገኘው በአሥራ አንደኛው ደረጃ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጊዜም 4 ኪ ይከፍልበታል። ሁለት ጊዜ ከወረወረ ከ11 ነጥቡ የሚተርፈው 3 ብቻ ነው። በአንጻሩ የክፍት እጅ መንገድ የተባለው፣ ተጫዋቹ ለእጅ ጥቃቱ አስቀድሞ በከፈለው በዚያው አንድ ኪ ላይ ጠላትን መጣልን ወይም ገፍቶ ማራቅን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠዋል። ማስታወቂያው ደብዘዝ ያለ ቢሆንም የተጫዋቹን ደመወዝ የሚያከብረው ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንለፍ። ታህቲብ በላይኛው ግብፅ፣ በተለይም በገጠሩ የሳኢዲ ሕዝብ ዘንድ የሚዘወተር የበትር ጨዋታ ነው። ሥሩ ጥንታዊ መሆኑን በሉክሶር አቅራቢያ በሚገኘው በመዲነት ሃቡ ቤተ መቅደስ የተቀረጹት የበትር ተፋላሚዎች ያሳያሉ። በጥንት ዘመን የውጊያ ጥበብ የነበረው ታህቲብ ዛሬ የበዓልና የሠርግ ድምቀት ሆኗል። ሁለት ሰዎች ረዘም ያለ በትር ይዘው፣ ከበሮና ሚዝማር እየተሰማ፣ በተመልካች ፊት ለአጭር ጊዜ ይገጥማሉ። መመታታት አይፈቀድም፤ የጥበቡ መለኪያ በትሩን ከተጋጣሚው አካል አጠገብ አድርሶ መግታት መቻል ነው። ዩኔስኮ ታህቲብን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ በተካሄደው 11ኛው የኮሚቴው ጉባኤ ሲሆን፣ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር። በትር የእረኛና የገበሬ የዘወትር ጓደኛ በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ጥበብ ባዕድ አይሆንበትም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ጉዳት የሚቆጠርበት፣ ጭራቅ የሚገደልበት ነው፤ ጥበቡ ደግሞ መምታትን ይከለክላል። ብዙ ቀራጮች በዚህ ጊዜ አቋራጭ ይመርጣሉ። የበትሩን ጉዳት ከፍ አድርገው የግብፅ ስም ይለጥፉበታል። እንዲህ የተሠራ ንዑስ ዘርፍ ታህቲብን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ የሚያሳፍር ነው። ባህሉ የሚከበረው የጥበቡ እምብርት፣ ማለትም መምታት እየቻሉ በትርን መግታት፣ ወደ ጨዋታው ሕግ ሲገባ ነው። ስሙ ብቻውን ምንም አይጨምርም። ደግነቱ ይኸው እምብርት ጥሩ የጨዋታ ምርጫም ይሆናል።

የመነኩሴ ንዑስ ዘርፎች ችሎታ የሚያገኙት በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ11ኛውና በ17ኛው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ከሁሉ ይበልጣል፤ ተጫዋቹ ከማንኛውም በላይ የሚጠቀምበት እሱ ነውና። ለሦስተኛው ደረጃ «ንክኪ» የሚል ችሎታ እንስጠው። መነኩሴው በበትሩ ሲመታ ጉዳቱን ትቶ በትሩን ከጠላቱ ራስ አጠገብ ይገታል፤ በምትኩ ጠላቱ ይጋለጣል። መጋለጡ ምን ያስገኛል? የመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ጓደኛው በዚያ ጠላት ላይ በሚሰነዝረው ቀጣይ ጥቃት «ብልጫ» ያግኝ የሚል ይሆናል። ብልጫ ማለት ሁለት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ ከፍተኛውን መውሰድ ሲሆን 65 በመቶውን ዕድል ወደ 88 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። የጓደኛው ምት በአማካይ 10 ጉዳት የሚያደርስ ቢሆን የተገኘው ትርፍ 2.3 ብቻ ነው። የተተወው ግን 7.5 ነበር። ይህ ኪሳራ ነው፤ ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ ሞክሮት ይተወዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ ብልጫውን ለሁሉም ጓደኞች መስጠት ነው። ሦስት ጓደኞች ቢኖሩ ትርፉ 6.8 ይሆናል፤ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን በአምስተኛው ደረጃ አብዛኞቹ ተዋጊዎች በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ያጠቃሉ። ስድስት ጥቃት ሁሉ ብልጫ ሲያገኝ ትርፉ 13.7 ይደርሳል፤ መነኩሴው የተወው ደግሞ 8.5 ነው። ከቁጥሩ የከፋው ሌላ ነው። ራሱን ለጠላት አጋልጦ ይህንኑ ብልጫ የሚገዛው ተዋጊ፣ ተደብቆ የሚያገኘው ሰላይ፣ አንድ ኪ ከፍሎ ጠላትን የሚያደነዝዘው ሌላው መነኩሴ ሁሉ የደከሙበት ነገር በየተራው በነጻ ሲታደል ያያሉ። የአንድ ሰው ንዑስ ዘርፍ የሦስት ሰዎችን ሙያ ዋጋ አሳጣ ማለት ነው። በቤት የተጠነሰሱ ሕጎች የጓደኛሞችን ጨዋታ የሚያበላሹት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ አንዱ ደምቆ ሌላው ስልኩን ማየት ይጀምራል።

ሦስተኛው ሐሳብ የተሻለ ነው። ብልጫው ለአንድ ጓደኛ አንድ ጥቃት ብቻ ይሁን፤ ያ ጥቃት ከመታ ግን መነኩሴው የገታው የበትር ዳይስ በጓደኛው ጉዳት ላይ ይጨመር። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከብልጫው 2.3፣ ከተጨመረው ዳይስ ደግሞ 4.5 በ88 በመቶ ተባዝቶ 3.9 ገደማ፣ በድምሩ 6.2። የተተወው 7.5 ስለሆነ ከቁጥር አንጻር ትንሽ ይጎድላል። ያንን ለማካካስ የተነካው ጠላት እስከ መነኩሴው ቀጣይ ተራ ድረስ አጸፋ መስጠት አይችልም እንበል፤ ይህም ከጠላት እጅ ለመሸሽ ለሚፈልግ የቆሰለ ጓደኛ ትልቅ ነገር ነው። ችሎታው ኪ አያስከፍልም፤ ክፍያው የተተወው ጉዳት ነው። በተራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራም ደረጃ ሲያድግ ከቁጥጥር አይወጣም። ተጫዋቹም በየተራው ልመታ ወይስ ለጓደኛዬ በር ልክፈት ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ያ ምርጫ ቀድሞ አልነበረም።

በስድስተኛው ደረጃ መመከትን እንጨምር። ከመነኩሴው አጠገብ ያለ ጓደኛው በቅርብ መሣሪያ ሲመታ መነኩሴው በአጸፋው በትሩን ጣልቃ አስገብቶ ጉዳቱን ይቀንሳል። ምን ያህል? ዘርፉ የተወረወረ መሣሪያን ለመመከት የሚጠቀምበት ቀመር አለው፤ ባለ 10 ገጽ ዳይስ፣ የቅልጥፍና ጭማሪና ደረጃው ይደመራሉ። በስድስተኛው ደረጃ ቅልጥፍናው 4 ሆኖ ይህ በአማካይ 15.5 ነው። ኦገር የተባለው ግዙፍ ጭራቅ በቆመጡ የሚያደርሰው አማካይ ጉዳት 13 ስለሆነ፣ ቀመሩን እንዳለ መገልበጥ የጭራቁን ምት ጨርሶ መሰረዝ ይሆናል። ስለዚህ ቅነሳው የበትሩ ዳይስና የጥበብ ጭማሪው ድምር፣ ማለትም 7.5 ገደማ ይሁን፤ አንድ ኪም ያስከፍል። ይህ በዚያ ደረጃ አንድ ኪ ከሚገዛው የእጅ ጥቃት፣ ማለትም ከ4.9፣ ይበልጣል። ነገር ግን ጓደኛው አጠገቡ ሆኖ መመታትን ስለሚጠይቅና የመነኩሴውን ብቸኛ አጸፋ ስለሚወስድ ብልጫው ተገቢ ነው።

በአሥራ አንደኛው ደረጃ ንክኪው በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ እንዲሠራ መፍቀድ በቂ ነው፤ ሰፋ ያለ ነገር አያስፈልግም። የአሥራ ሰባተኛው ደረጃ መደምደሚያ ግን ጥበቡን ሊመስል ይገባል። መነኩሴው በአንድ ውጊያ ውስጥ ሦስት ጊዜ የነካውን ጠላት 3 ኪ ከፍሎ ያስገድደዋል። ጠላቱ በጥበብ የመቋቋም ዕጣ ካልወጣለት መሣሪያውን ጥሎ ለአንድ ደቂቃ ከውጊያው ይወጣል፤ ከተመታ ግን ግዴታው ይፈርሳል። የክፍት እጅ መንገድ በዚሁ ደረጃና በዚሁ ዋጋ ጠላትን በአንድ ጊዜ የሚጥል ንዝረት ስላለው ይህ ከልክ ያለፈ አይደለም። እንደ ዘንዶ ያሉ ታላላቅ ጭራቆችም በቀን ሦስት ጊዜ ዕጣቸውን በፈቃዳቸው የማሳካት መብት አላቸው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ፍልሚያ በአንድ ዳይስ አያልቅም።

ሕጉን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «አጠቃው» እና «መታው» ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ። በጨዋታው ግን ማጥቃት ዳይሱን መጣል ነው፤ መምታት ደግሞ የዳይሱ ውጤት መሳካት ነው። «መነኩሴው በበትር ሲያጠቃ» የሚል ሕግ ባይሳካለትም ይሠራል፤ «ሲመታ» የሚል ግን ከተሳካ ብቻ ነው። አንዲቷ ቃል የችሎታውን ኃይል በእጅጉ ትለውጣለች። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አንባቢውን ጾታ በማይለይ ቃል ይጠራዋል፤ እኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ማለት ስላለብን በሦስተኛ መደብ መጻፉ ይመረጣል። በተጨማሪም የጊዜ ገደብ ሁልጊዜ ይገለጽ፦ «እስከ መነኩሴው ቀጣይ ተራ መጀመሪያ ድረስ» እና «እስከ ተራው መጨረሻ» አንድ አይደሉም።

ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲስማማ ሥራው ገና ተጋምሷል። አንድን ውጊያ፣ አንድ ዓይነት ጠላቶችንና ጓደኞችን ይዞ ሁለት ጊዜ መጫወት ጠቃሚ ነው፤ አንድ ጊዜ በክፍት እጅ መንገድ፣ አንድ ጊዜ በአዲሱ። በዚህ ጊዜ ከሚገደሉት ጠላቶች ብዛት ይልቅ ሌሎች ነገሮች ይታዩ። መነኩሴው ኪውን በየትኛው ተራ ጨረሰ? ንክኪውን በየተራው ሳያስብ ይጠቀምበታል ወይስ ያመነታል? የሚያመነታ ከሆነ ዋጋው ልክ ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾችስ ተራቸው ሲደርስ ንክኪውን ለመጠቀም ይጓጓሉ ወይስ አይገዳቸውም? በስውር የሚያጠቃው ዘርፍ በአንድ ጥቃት ብዙ ዳይስ ስለሚጥል ከንክኪው ከሁሉ የበለጠ ይጠቀማል፤ በአሥራ አንደኛው ደረጃ ትርፉ ከተተወው ጉዳት በጥቂቱ ስለሚበልጥ የጨዋታው መሪ ዓይኑን እዚያ ላይ ቢያደርግ መልካም ነው።

የሠሩትን ለሌሎች ማካፈል ለሚፈልጉ ሕጋዊው መንገድ ክፍት ነው። አሳታሚው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕጎች የያዘ ሰነድ፣ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቅቋል። የመነኩሴው ዘርፍና የክፍት እጅ መንገድ በሰነዱ ውስጥ አሉ፤ የአራቱ ባሕርያት መንገድ ግን የለም፤ ስለዚህ ከእሱ ጽሑፍ ገልብጦ ማተም አይቻልም። ሰነዱ ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰውን የበትር መንገድ ለመሞከር የሚፈልግ ቡድን መጽሐፍ መግዛት ሳያስፈልገው መጀመር ይችላል።